ጥንቸሌ ውሃ መጠጣት አብዝታለች፤ ሽንቷም እንደ ድሮው አይደለም

ልብስ ሰፊዋ፣ ከማራኪ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምሠራውም ቤቴ ውስጥ ነው። አንዲት ጥንቸል አለችኝ። ስሟ ባዘቶ ይባላል። ስሙን ያወጣችላት እናቴ ናት። መጀመሪያ ቤት ሳመጣት በአንድ መዳፍ የምትያዝ ነጭ ነገር ነበረች። እናቴ ጥጥ እየፈተለች ነበርና «ባዘቶ አይደለችም እንዴ!» አለች፤ በዚያው ቀረ። አሁን ሦስት ዓመት አልፏታል። ባለፈው ቅዳሜ ሰፈራችን ካለው ሱቅ ሚዛን ላይ በካርቶን አድርጌ መዘንኳት። ካርቶኑ ሲቀነስ 2.4 ኪሎ ናት። ከወንድ ጥንቸል ጋር ኖራ አታውቅም።

ቀኑን ሙሉ እግሬ ሥር ነው የምትውለው። የስፌት መኪናው ድምፅ አያስደነግጣትም። እንዲያውም ዝም ሲል ነው ቀና ብላ የምታየኝ። ስለዚህ አንድ ነገር ሲቀየርባት ቶሎ አያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ የምሰጣት በግማሽ ሊትር ሃይላንድ እየለካሁ ነበር። አንዱ ሃይላንድ ሁለት ቀን ተኩል ይበቃት ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ግን በየቀኑ አንዱን ልትጨርስ ምንም አይቀራት። መጀመሪያ ያስተዋለችው እናቴ ናት። «ይቺን ልጅ ምን አጠማት? ሌሊት ሌሊት ስትጠጣ እሰማታለሁ» አለችኝ። እኔ ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት። ሚያዝያ ላይ ጎንደር እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የእኛ ቤት ደግሞ ኮርኒስ የለውም፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ ቆርቆሮው ይግላል።

ባለፈው ሐሙስ ግን ዝናብ ጣለ። ቤቱ ቀዘቀዘ። እሷ ግን ያው ናት። መለካት የጀመርኩት ያኔ ነው። ለክቶ መጻፍ ሥራዬ ነው። የደንበኞቼን ልክ ከምጽፍበት ደብተር የመጨረሻውን ገጽ ለእሷ ሰጠኋት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በሲሪንጅ ለክቼ 500 ሚሊ ሊትር እሞላላታለሁ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት የተረፈውን በሲሪንጅ እየሳብኩ እለካለሁ። እስከ ዓርብ ጠዋት 410 ጎደለ። ከዚያ 430፣ 420፣ 425። ዛሬ ጠዋት ደግሞ 420።

አሁን ወደ ሽንቷ ልምጣ። ባዘቶ የምትሸናው አንድ ቦታ ነው። ከመኪናው ጀርባ የፕላስቲክ ሳፋ አለ። ጋዜጣ አነጥፍና ከላዩ የጤፍ ጭድ አደርግበታለሁ። ድሮ ጠዋት ጠዋት መቀየር ይበቃ ነበር። አሁን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጭዱ ይበሰብሳል። ይሄ ብቻ ቢሆን ብዙ ስለጠጣች ብዙ ሸናች እል ነበር። ግን ከሳፋው ውጪ፣ ወለሉ ላይ፣ የሳንቲም ያህል ጠብታ ማየት ጀምሬያለሁ። እዚህም እዚያም። ሲደርቅ ነጭ ነገር ይተዋል። ጨርቅ ላይ የምናሰምርበትን ጠመኔ ታውቃላችሁ? በጣት ሲያሹት ልክ እንደዚያ ይሆናል።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ የእሑዱ ነው። ከወደቀ ነጭ አቡጀዲ ቁራጭ ላይ ሸንታ አየሁ። ቀለሙ ብርቱካናማ ሆኖ ወደ ቀይ ይወስዳል። ደም ነው ብዬ እጄ ተንቀጠቀጠ። ቁራጩን አላጠብኩትም፤ በፌስታል ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ከኋላ እግሮቿ መሐል ያለው ፀጉርም እርጥብ ነው፤ ይሸታል። እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ራሷን ስትልስ የምትውል፣ ንጽሕና የምትወድ ፍጥረት ናት።

ትበላለች። በጠጧም እንደ ድሮው ነው፤ ክብ፣ ደረቅ። ትንሽ መተኛት አብዝታለች ልበል? እርግጠኛ አይደለሁም።

ሌላ የተቀየረ ነገር ካለ ብዬ ሳስብ ሁለት ነገር አገኘሁ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ከበርሜል የቆየ ውሃ የምንጠቀምበት ጊዜ አለ፤ እሷም ከዚያው ትጠጣለች። ደግሞ የፕላስቲክ ሳህኗን እየገለበጠች ስላስቸገረችኝ ለፋሲካ ቅዳሜ ገበያ ሄጄ ከባድ ጣባ ገዝቼላታለሁ።

አንዷ ጎረቤቴ «ማታ ማታ ውሃውን አንሺባት፣ ሽንቱም ይቀንሳል» አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቼ በውሃ በጥብጬ እንድሰጣት መከረችኝ። ሁለቱንም አላደረግሁም። ልቤ እሺ አላለኝም። እባካችሁ የሚያውቅ ሰው ካለ ንገሩኝ። ደም ነው? ኩላሊት ነው? ወይስ እኔ የማላውቀው ሌላ ነገር አለ?


የአዘዞው አርቢ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ልጄ፣ ሁለቱንም አለማድረግሽ ጥሩ ነው። ውሃውን በፍጹም እንዳታነሺባት። ጥንቸል ውሃ ሲቀንስባት መብላት ታቆማለች። መብላት ስታቆም ሆዷ ይቆማል። ያ ደግሞ ከሽንቱ ሁሉ የከፋ ነው።

እኔ ጥንቸል ማርባት ከጀመርኩ ሰባት ዓመቴ ነው። አሁን 14 አሉኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።

መጀመሪያ ስለ ጣባው። አዲስ ጣባ ራሱ ውሃ ይጠጣል። ሸክላው ያዛል፤ ከውጭ በኩል ወዝቶ በነፋስ ይሄዳል። አያቶቻችን በእንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዙት በዚሁ አይደል? ስለዚህ ደብተርሽ ላይ የጻፍሽው ሁሉ ባዘቶ የጠጣችው አይደለም። እንዲህ አድርጊ። ሌላ ተመሳሳይ ጣባ ፈልጊ። እኩል ውሃ ሙዪበትና እሷ የማትደርስበት ቦታ፣ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ፣ አስቀምጪው። በማግስቱ ከሁለቱም ለኪ። ከማትደርስበት ጣባ የጎደለውን ከእሷ ጣባ ከጎደለው ቀንሺ። የቀረው የእሷ ነው። ከጣባው ሥር ጨርቅ ማድረግም አትርሺ፤ እየደፋችው እንደሆነ ጨርቁ ይነግርሻል።

ስለ ቀለሙ ብዙ አትደንግጪ። የጥንቸል ሽንት እንደ እኛ ሁልጊዜ ቢጫ አይደለም። ቢጫም፣ ብርቱካናማም፣ ቡናማም፣ ቀይም ይሆናል። ቅጠልና ካሮት ቀለሙን ይቀይሩታል። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን አንዱን ወንድ ከሌሎቹ ለይቼ ሌሊቱን ሙሉ ስጠብቀው አደርኩ። ከሦስት ቀን በኋላ ራሱ ጠራ። ቢሆንም ንጹሕ አቡጀዲ አንጥፊና እንደገና እዪ። ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የምግብ ነው። የቀይ ነጠብጣብ፣ ክር የመሰለ ወይም የረጋ ነገር ካየሽ ግን ሌላ ነው።

ደግሞ ስትሸና ቁጭ ብለሽ እዪያት። ወገቧን አጉብጣ ትቆያለች? ጭራዋን አንስታ ታምጣለች? ጥርሷን ስታፋጭ ይሰማሻል? ጤነኛ ጥንቸል ሸንታ ወዲያው ትሄዳለች።

አንድ ነገር ግን አልነገርሽንም። ምንድን ነው የምትበላው? ከፋሲካ በፊት ምን ነበር፣ አሁንስ?


ከባሕር ዳር
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡20

እህቴ፣ የእኔ ታሪክ የአንቺ ተቃራኒ ነው። ግን ይጠቅምሽ ይሆናል።

ግራጫ ወንድ ጥንቸል ነበረኝ። አምስት ዓመት አብሮኝ ኖሯል። አንድ ቀን ውሃው እንደሞላ አደረ። ቀዝቀዝ ስላለ ነው አልኩ። በማግስቱም እንደሞላ ነበር። በዚያ ቀን ጭዱ ደረቅ እንደነበረ አይቻለሁ፤ ግን ደስ አለኝ፤ ዛሬ ንጹሕ ነው ብዬ ሳልቀይረው ቀረሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ማታ ጥግ ይዞ ተኮራመተ። ጥርሱን ያፋጫል። ሳፋው ላይ ይወጣል፣ ያምጣል፣ ምንም የለም። ጠዋት ይዤው የሄድኩበት ቦታ ጥንቸል አክመው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ሌላ ቦታ ፍለጋ ስል እቅፌ ውስጥ ሞተ።

ያንቺ ብዙ ትጠጣለች፣ ብዙ ትሸናለች፤ ቢያንስ እየወጣ ነው። ነገር ግን አንድ ቀን ጭዱን ደረቅ ካገኘሽው አንድ ሰዓትም አትጠብቂ። ከአሁኑ የት እንደምትወስጃት እወቂ። ደውለሽ «ጥንቸል ታያላችሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። እኔ ቀድሜ ባለመጠየቄ ነው ያ ሰዓት ያለፈብኝ።


ልብስ ሰፊዋ፣ ከማራኪ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡15

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከባሕር ዳር የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ አነበብኩትና አለቀስኩ። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ሦስት ቦታ ደወልኩ። አንደኛው ጥንቸል እናያለን አለኝ። ቁጥሩን መኪናው ላይ ለጥፌዋለሁ።

ጣባውን በተመለከተ ልክ ነበሩ። እናቴ ሌላ ተመሳሳይ ገዝታ መጣች። ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩት። ትናንት ጠዋት ከላይኛው 75 ጎደለ፤ ዛሬ 70። ከባዘቶ ጣባ ደግሞ 425 እና 420። ስለዚህ የምትጠጣው 350 ነው። ከሥር ያነጠፍኩት ጨርቅ ደረቅ ነው፤ አትደፋውም። ትንሽ ቀለል አለኝ። ግን ድሮ የነበረው በፕላስቲክ ሳህን 200 ነው። አሁንም ብዙ ነው።

ምግቧን ያልጻፍኩት ለውጥ መሆኑ ስላልታየኝ ነው። ሁዳዴውን በሙሉ ቤታችን ጎመን አይጠፋም ነበር። ሳይቀቀል የሚወድቀው ቅጠል ሁሉ የእሷ ነበር። ጠዋት አንድ እቅፍ፣ ማታ ደግሞ ትንሽ። ከዚያ ድርቆሽ። ፋሲካ ሲደርስ ጎመኑ ቆመ። በዚያው ሰሞን የእህቴ ባል ከሚሠራበት የወተት ላሞች እርባታ አንድ ከረጢት ደረቅ አልፋልፋ፣ የላሞቹን መኖ፣ ይዞልኝ መጣ። በጣም ወደደችው። ድርቆሹን ትታ እሱን ብቻ መብላት ጀመረች። እኔም ጥሩ ምግብ አገኘች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ አንድ እፍኝ ፉርሽካም እሰጣታለሁ።

አቡጀዲውን ሁለት ጊዜ አየሁ። ቀለሙ ብርቱካናማ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። የረጋ ነገር የለውም። ግን ወፍራም ነው። እንደ ወተት የደፈረሰ። ስትሸና ተቀምጬ አየኋት፤ አንዳንዴ ወዲያው ትጨርሳለች፤ አንዳንዴ ግን ወገቧ ጎብጦ ትቆይና ትንሽ ጠብ አድርጋ ትሄዳለች። ጥርሷን ስታፋጭ አልሰማሁም።


የእንስሳት ሐኪም
ዓርብ፣ ከምሽቱ 5፡30

እህቴ፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ። የተማርኩት እዚያው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አሁን ወረዳ ላይ እሠራለሁ። አብዛኛው ሥራዬ ከብትና በግ ነው። ጥንቸል ግን ከተማሪነቴ ጀምሮ አርብቻለሁ፤ ስለዚህ ነገሩ ልቤ ውስጥ አለ። የለካሽው ልኬት ብዙ ነገር ስለሚናገር ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

ጤነኛ ጥንቸል በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቷ ከ50 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ትጠጣለች። 2.4 ኪሎ ከሆነች ከ120 እስከ 360 ማለት ነው። 350 ጫፉ ላይ ነው። ግን ሁልጊዜ ከመጽሐፉ ቁጥር በፊት ከራሷ ከድሮው ጋር አወዳድሪያት። ከ200 ወደ 350 መዝለሏ ምክንያት ይፈልጋል። ምክንያቱን ደግሞ ራስሽ ጽፈሽዋል።

አረንጓዴ ጎመን ከመቶ 90 ያህሉ ውሃ ነው። ደረቅ አልፋልፋ ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶ 10 ገደማ ቢሆን ነው። በቀን 160 ግራም ጎመን ትበላ ከነበረ 145 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ከምግቧ ታገኝ ነበር። እሱ ቀረ። አሁን ከጣባው እየወሰደችው ነው። ሁዳዴውን ስትበላው የነበረውን ውሃ ነው ዛሬ የምትጠጣው። ሙቀቱም የራሱን ይጨምራል። ስለዚህ መጠጧ ብዙም አላስፈራኝም።

እኔን ያሳሰበኝ ጠመኔው ነው።

ጥንቸል ካልሲየም የምትይዝበት መንገድ ከሌላው እንስሳ ይለያል። ላምም፣ ውሻም፣ ሰውም ካልሲየም ከምግብ የሚወስደው በሚያስፈልገው መጠን ነው፤ በሽንት የሚወጣው ጥቂት ነው። ጥንቸል ግን ቢበዛም ምግቡ ውስጥ ባለው መጠን ትወስዳለች። ከዚያ ትርፉን በኩላሊቷ ታወጣለች፤ ከ45 እስከ 60 በመቶው በሽንት ይወጣል። የጥንቸል ሽንት ጤነኛ ሆናም ደፍረስ የሚለው፣ ሲደርቅም ነጭ ነገር የሚተወው ለዚህ ነው። አልፋልፋ ውስጥ ያለው ካልሲየም ደግሞ ከተራ ሣር ድርቆሽ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ለሚያድግ ግልገልና ለምታጠባ እናት ጥሩ ነው። ለሦስት ዓመት ጥንቸል፣ ያውም ቀኑን ተኝታ ለምትውል፣ ይበዛባታል። ትርፉ ፊኛዋ ውስጥ ይዘቅጣል። እንደ እርጥብ ሲሚንቶ ይሆናል። ፊኛውን ይፍቀዋል። ያኔ ጠብ ጠብ ማለት፣ ጎብጦ መቆየት፣ ከሥር መርጠብ ይመጣል። የአንቺ አገላለጽ ከዚህ ጋር ይሄዳል። ሆኖም ሳይነኩ በጽሑፍ መፍረድ አይቻልም፤ ሰኞን ሳታሳልፊ ውሰጃት።

ስትሄጂ ሽንት ይዘሽ ሂጂ። ሳፋውን አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ ያለ ጭድ አስቀምጪላት። ስትሸና ወዲያው በሲሪንጅ ሳቢው። ሐኪሙ በሽንት መመርመሪያ ወረቀት ያየዋል። የምግብ ቀለም ከሆነ ወረቀቱ ደም አያሳይም። ደም ካሳየ ግን ባዘቶ ያልመከነች (እንዳትወልድ ቀዶ ጥገና ያልተደረገላት) ሴት ስለሆነች ማህፀኗም መታየት አለበት። ያልመከኑ ሴት ጥንቸሎች ዕድሜያቸው ሲገፋ የማህፀን ካንሰር በብዛት ይይዛቸዋል፤ መጀመሪያ የሚታየው ብዙ ጊዜ ሽንት ውስጥ ያለ ደም ነው። ስኳርም በዚያው ይታያል፤ ጥንቸል ላይ የስኳር በሽታ ብርቅ ነው።

ኩላሊቱንም አልዘነጋሁትም። ጥንቸሎችን የሚያጠቃ ኢንሴፋሊቶዙን ኩኒኩሊ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ አለ። ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል። አንገቷ ከተጣመመ፣ የኋላ እግሯ ከከዳት ወይም ክብደቷ ከቀነሰ ለሐኪሙ ንገሪ። በየሳምንቱ በዚያው ሚዛን መዝኛት።

አሞክሳሲሊን በአፍ አትስጪ። ፔኒሲሊንም እንዲሁ። የጥንቸል ሆድ የሚሠራው ውስጡ ባሉ ባክቴሪያዎች ነው። እነዚህ መድኃኒቶች በአፍ ሲሰጡ ጥሩዎቹን ይገድላሉ፤ መጥፎዎቹ ይነግሣሉ፤ ጥንቸሏ በተቅማጥ ትሞታለች። ልብሽ እሺ ያላለው ባዘቶን አትርፏታል።

አልፋልፋውን በአንድ ቀን አትቁረጪው። ምግብ በድንገት ሲቀየር ሆዷ ይታወካል። በሳምንት ውስጥ እየቀነስሽ የሣር ድርቆሽ ተኪበት። ፉርሽካውን ተዪው። ቅጠሉን መልሺላት፤ ስታጥቢው ሳታራግፊ ከነውሃው ስጪያት። ጎመንም ካልሲየም አለው፤ ግን ውሃውን ይዞ ስለሚመጣ አብሮ ይታጠባል። ከሰላጣ ጋር ብታፈራርቂው የተሻለ ነው። ጣባውን አትቀይሪው፤ ጥንቸል ከጠርሙስ ቧንቧ ይልቅ ከሰፊ ሳህን መጠጣት ይቀላታል። ግን በየቀኑ አጥበሽ ውሃውን ቀይሪ። የበርሜል ውሃ ሽታ ካለው ትጠላዋለች፤ ማከሚያ የጨመርሽበትን ሳይከደን ትንሽ አቆይተሽ ስጪያት።

እርጥቡን ፀጉር በመቀስ አሳጥሪው፤ የመቀስ ሰው ነሽና አይከብድሽም። ቦታውን ብቻ ለብ ባለ ውሃ አጥበሽ በደንብ አድርቂ። ሙሉ ገላዋን አትንከሪ። በዚህ ሙቀት ዝንብ እርጥብ ፀጉር ላይ እንቁላል ይጥላል፤ በአንድ ቀን ትል ይሆናል። ጠዋትና ማታ ገልብጠሽ እዪ።

ካማጠች እና ሽንት ካልወጣ፣ ወይም 12 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልበላች፣ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቂ። የባሕር ዳሩ ወንድማችን ያለው ትክክል ነው።


ልብስ ሰፊዋ፣ ከማራኪ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ዶክተር፣ ምን ብዬ ላመስግንዎ። እናቴ ጮክ ብዬ እንዳነብላት ጠየቀችኝ፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። «ስትበዪው የነበረውን ውሃ ነው የምትጠጪው» ስትል ሰማኋት፤ ለባዘቶ ነው የምትነግራት።

አሁን ቅጠል ፍለጋ ልወጣ ነው።


የአዘዞው አርቢ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ልጄ፣ መንገድ ዳር ከታጨደ ሣር አትግዢ። የመኪና ጭስ አለው፤ ውሻም ይሸናበታል። ለቡና የሚጎዘጎዘውንም አትስጪያት፤ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። አልፋልፋው ከተረፈሽ ለበግ ስጪው፤ በግ አይጎዳውም፤ ብቻ በጉም ካልለመደው በትንሽ በትንሹ ይሁን።


ልብስ ሰፊዋ፣ ከማራኪ
እሑድ (ከስምንት ቀን በኋላ)፣ ከቀኑ 10፡30

ዝም ያልኩት ውጤቱን ይዤ ልመለስ ብዬ ነው።

ሰኞ ዕለት ወሰድኳት። በካርቶን፣ አቡጀዲ አንጥፌላት። ባጃጁ ውስጥ ካርቶኑን ጭኔ ላይ ይዤ እጄን ከላይዋ አላነሳሁም። ሽንቷን በሲሪንጅ ይዤ ነበር። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። መጀመሪያ ደብተሬን አየች። ከዚያ ባዘቶን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ሆዷን በሁለት ጣት ቀስ ብላ ዳሰሰች። «ነይ፣ እጅሽን አምጪ» አለችኝ። ነካሁት። ፊኛዋ ሊጥ የያዘ ከረጢት ይመስላል። ባዘቶ አልተንቀሳቀሰችም፤ ጆሮዋን ብቻ ወደ ኋላ አጠፈች።

ወረቀቱ ደም አላሳየም። ስኳርም የለም። ቀለሙ የምግብ ነው። ያስቀመጥኩትን ቁራጭ አቡጀዲ ከፌስታሉ አውጥቼ አሳየኋት፤ እሱም እንዲሁ ነው አለች። ቀኑን ሙሉ ያስጨነቀኝ ቀይ ነገር ምንም አልነበረም፤ ንቄው የነበረው ነጭ ዱቄት ነበር ነገሩ። ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ሰጠቻት፤ የሕመም ማስታገሻም ለአምስት ቀን በጠብታ አዘዘችልኝ። ኩላሊቷን በደንብ ለማወቅ የደም ምርመራ እንደሚያስፈልግ ነግራኛለች። መጀመሪያ ምግቡን እናስተካክልና በሁለት ሳምንት ተመለሺ፤ የምትጠጣው ካልቀነሰ ደሟን እንወስዳለን አለችኝ። ስለ ማምከኑም አነጋገረችኝ። ጥንቸል ማደንዘዝ የለመደ ሰው እንደሚፈልግ ሳትደብቅ ነገረችኝና ጠይቃ ልትነግረኝ ቃል ገባችልኝ።

ስመለስ የመጀመሪያውን ሌሊት አልተኛሁም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሳፋው ውስጥ ስትንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ መብራት አበራሁ። ብዙ ሸንታለች። እንደ ጥርስ ሳሙና የወፈረ ነጭ ነገር አብሮ ወጥቷል። ለሐኪሟ ፎቶ ላክሁላት። እሱ እንዲወጣ ነው የምንፈልገው አለችኝ።

አልፋልፋውን በስድስት ቀን ጨርሼ አቆምኩ። የተረፈውን ለጎረቤት በግ ሰጠሁት። የእህቴ ባል ቅር ይለዋል ብዬ ሰግቼ ነበር፤ ነገሩን ስነግረው ደነገጠ። በማግስቱ ከዚያው እርባታ የሣር ድርቆሽ ይዞ መጣ። እናቴ ቅጠሉን ይዛዋለች። ጠዋት ታጥበዋለች፤ ሳታራግፍ ታቀርብላታለች። ከዚያ እንዝርቷን ይዛ አጠገቧ ትቀመጣለች። ማታ ማታ ደግሞ ወንበሮቹን ጥግ አስይዘን ክፍሉን እንለቅላታለን፤ ትሮጥበታለች። ብዙ ስትንቀሳቀስ ዝቃጩ ፊኛዋ ውስጥ እንደማይተኛ ሐኪሟ ነግራኛለች።

የኋላ ፀጉሯን አሳጥሬዋለሁ። ቆዳው ቀልቶ ነበር፤ አሁን ደርቋል።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው፤ የላይኛው ጣባ ከተቀነሰ በኋላ። ማክሰኞ 330። ረቡዕ 310። ሐሙስ 285። ዓርብ 260። ቅዳሜ 240። ዛሬ ጠዋት 245። ክብደቷ 2.4 ኪሎ፤ አልቀነሰችም።

ወለሉ ላይ ትናንት አንድም ጠብታ አላየሁም። ዛሬ ግን መኪናው ሥር አንድ አለ። አቡጀዲ ጣል አድርጌ አነሳሁት። ቀለሙ ገርጣ ያለ ቢጫ ነው። ሲደርቅ አሸሁት፤ ጠመኔው ቀንሷል፤ ግን አልጠፋም። የቀጠሮው ቀን የነገ ሳምንት፣ ሰኞ ነው።